ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ በሕመም አልጋ ላይ

ነሐሴ 15 ቀን 1539 ዓ.ም.፣ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በስፔን አገር በአቪላ ከተማ አንዲት የ24 ዓመት መነኩሲት በአባቷ ቤት ታማ ተኝታ ሳለ ንስሐ እንድትገባ ካህን ይጠራላት ዘንድ ለመነች። አባቷ ግን አልፈቀዱም። ዶን አሎንሶ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ልጃቸውንም ከመጠን በላይ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጥያቄዋ ከሞት ፍርሃት የመጣ መሰላቸው፤ ካህን ቢጠራ ይበልጥ ትጨነቃለች ብለው ሰጉና ከለከሏት። በዚያው ሌሊት ሕሊናዋን ስታ ወደቀች፤ ለአራት ቀናት ያህልም አልነቃችም።

ይህች መነኩሲት ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ ናት። ቤተ ክርስቲያን በ1622 ዓ.ም. ቅድስናዋን ዐወጀች፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ከሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብለው ሰየሟት። ስለ ጸሎቷ፣ ስለ መንፈሳዊ መጻሕፍቷና ስለ መሠረተቻቸው ገዳማት በየጊዜው ይነገራል። ከ67 ዓመት ዕድሜዋ አብዛኛውን በሕመም እንዳሳለፈች፣ በሐኪም እጅ እንደተሠቃየች፣ ከዚህም የተነሣ በሽተኛ ስለ ራሱ እንዴት መናገር እንዳለበት ጠንቅቃ እንደተማረችና እንዳስተማረች ግን እምብዛም አይወሳም። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንኑ የሕይወቷን መሥመር ነው። ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቴሬዛ መጋቢት 28 ቀን 1515 ዓ.ም. ተወለደች። ገና በልጅነቷ እናቷ ሞቱባት። በኅዳር ወር 1535 ዓ.ም. አባቷ ሳይፈቅዱላት ከቤት ወጥታ በአቪላ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ደናግል ገዳም ገባች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የምንኩስና መሐላዋን ፈጸመች። ብዙም ሳይቆይ ራስን መሳት፣ የልብ ሕመምና ድካም ተፈራረቁባት። የከተማው ሐኪሞች የሚያደርጉት ሲጠፋቸው አባቷ በበሴዳስ በምትባል መንደር ወደምትኖር አንዲት የታወቀች መድኃኒት ዐዋቂ ሴት ሊወስዷት ቈረጡ። ያ ገዳም በዚያን ጊዜ ጥብቅ የውስጥ ሕግ ስላልነበረው መነኮሳቱ ለሕክምና መውጣት ይችሉ ነበር፤ አንዲት ወዳጇ መነኩሲትም አብራት ሄደች።

ሕክምናው የሚጀመረው በጸደይ ወራት ስለነበረ ክረምቱን በገጠር በእኅቷ ቤት ጠበቀች። በመንገድ ላይ አጎቷ ዶን ፔድሮ አንድ መጽሐፍ ሰጧት፤ ፍራንቸስኮስ ዘኦሱና የተባለ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ስለ ጽሙና ጸሎት የጻፈው ነበረ። በኋላ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ያሰኛትን የጸሎት መንገድ መከተል የጀመረችው እንግዲህ በገዳም መዘምራን መካከል ሳይሆን የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቀች በተቀመጠችበት በዚያ ቤት ነው። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ወረፋ የሚጠብቁ ምእመናኖቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

የበሴዳስ ሕክምና ግን ከሕመሙ የባሰ ሆነ። ሦስት ወር ያህል እዚያ ቆየች፤ አንድ ወር ሙሉም በየቀኑ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጧት። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ የአገራችን ሰው አንዱ ቀን ምን እንደሚመስል ይረዳል፤ እርሷ ግን ይህን ሠላሳ ቀን ቻለችው። ሰውነቷ አለቀ፤ ትኩሳት ያዛት፤ ከፈሳሽ በቀር የምትውጠው አልነበረም፤ ልቧን በስለታም ጥርስ የሚነክሷት ያህል ይሰማት ነበር። ጅማቶቿም ተኰማተሩ።

በዚያች መንደር ሌላም ነገር ተፈጸመ። ንስሐዋን የሚቀበለው የመንደሩ ካህን ለብዙ ጊዜ ከአንዲት ሴት ጋር በኃጢአት ይኖር ነበር። ሴቲቱ እንዲያጠልቀው ብላ የሰጠችውን ከመዳብ የተሠራ ትንሽ ምስል በአንገቱ አስሮ ነበር፤ እኛ ክታብ የምንለው ዓይነት ማለት ነው፤ የአካባቢው ሰው በዚያ አስማት ተይዟል ይል ነበር። ቴሬዛ በደግነት ቀርባ አነጋገረችው፤ ክታቡንም ከአንገቱ ፈትቶ እንዲሰጣት አደረገችና ወደ ወንዝ አስጣለችው። ካህኑ ከኃጢአቱ ተመለሰ፤ ከዓመት በኋላም በንስሐ ሞተ። በሽተኛይቱ የማትፈወስበትን መድኃኒት በትዕግሥት እየጠጣች ሳለ አስማቱን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልታገሠችም። መድኃኒት ባይሠራም መድኃኒት ነው፤ ክታብ ግን የእግዚአብሔርን ስፍራ የሚሻማ ነገር ነው። ይህን ልዩነት በዚያ ዕድሜዋ ማወቋ ያስደንቃል።

አባቷ በሐምሌ ወር ወደ አቪላ መለሷት። ሐኪሞቹም ተስፋ ቈረጡ። ከዚህ በኋላ የሆነውን በመግቢያችን አይተናል። ሕሊናዋን በሳተችባቸው አራት ቀናት ቅብዓ ሕሙማን ተቀባች፤ በአልጋዋ ዙሪያ የሃይማኖት ጸሎት ተደገመ። በገዳምዋ መቃብሯ ተቈፍሮ ከአንድ ቀን በላይ አስከሬኗን ጠበቀ፤ በአንድ የወንዶች ገዳም የፍትሐት ጸሎት ተደረገላት። በዐይኖቿ ቆብ ላይ የሻማ ሰም ተንጠባጥቦ ነበር። አንድ ሌሊት ሊጠብቃት የተቀመጠው ወንድሟ ሎሬንሶ እንቅልፍ ጣለውና ሻማው አልጋ ልብሱን አቃጠለው ይባላል። ይቀብሯት ዘንድ ሲጠይቁ አባቷ ልጄ አልሞተችም ብለው እምቢ አሉ። እዚህ ላይ እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነበረ።

ስትነቃ በመጀመሪያ የጠየቀችው ያንኑ የተከለከለችውን ንስሐ ነው። ምላሷ በጥርሷ ተነካክሶ ቈስሎ፣ ውኃ መዋጥ አቅቷት፣ እያለቀሰች ተናዘዘችና ቅዱስ ቁርባን ተቀበለች። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ አባቷን በታላቅ አክብሮት ታነሣለች፤ ያን ዕለት ያደረጉትን ግን አልሸፈነችውም። ከመጠን ያለፈ ሥጋዊ ፍቅር እንደሆነና ነፍሷን ሊጎዳት ይችል እንደነበር በግልጽ ጽፋለች።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየቤቱ በሽተኛ ስንጠይቅ የምናየው ነው። ሐኪሙ የነገረውን ቤተ ዘመድ ይሰማል፤ በሽተኛው አይሰማም። ካህን ሲጠራም በሽተኛው መናገር ካቃተው በኋላ ነው፤ ካህኑን ካየ ይደነግጣል ይባላልና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ይህ ምሥጢር የመጨረሻ ቅባት ከመባል ይልቅ የሕሙማን ቅባት መባሉ እንደሚሻልና በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልተሰጠ አስተምሯል። ስሙ በመጻሕፍቱ ተለውጧል፤ በቤታችን ግን ገና የመጨረሻው ቅባት ሆኖ ቀርቷል። የሚወደን ሰው ዝም ሊያሰኘን ይችላል፤ ዶን አሎንሶ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስለዚህም ነው በሽተኛው ራሱ፣ አንደበቱ ሳለ፣ ካህን ጥሩልኝ ማለት፣ ደግሞም ሐኪሙ ምን አለ ብሎ መጠየቅ የሚገባው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከአራቱ ቀናት በኋላ ቴሬዛ ከቀኝ እጇ አንድ ጣት በቀር ማንቀሳቀስ የምትችለው አልነበራትም። ሰው ሲነካት ስለሚያማት በአንሶላ ከሁለት ወገን ይዘው ያገላብጧት ነበር። እንዲህም ሆና ወደ ገዳሟ እንዲመልሷት ነዘነዘች፤ በ1540 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን መለሷት። ሬሳ የጠበቁት በነፍስ ተቀበሏት። ከስምንት ወር በላይ እንዲያው ተኝታ ቆየች፤ ሽባነቱ በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቃት ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። በእጇና በጉልበቷ መዳህ በጀመረች ቀን እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሕመሟ ምን እንደነበረ በእኛ ዘመን ሐኪሞች ብዙ መላ ምት ሰጥተዋል፤ አንዳንዱ ከወተት የሚመጣ የብሩሴላ ትኩሳት ነው ይላል፣ አንዳንዱም የሚጥል በሽታ። ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ርቆ ምርመራ ማድረግ ግን አስቸጋሪ ነው።

የምድር ሐኪሞች ያደረጉባትን ካየች በኋላ ወደ ሰማያዊው ረዳት ዞረች፤ ቅዱስ ዮሴፍን ጠበቃዋ አድርጋ ያዘች። ለዚህም ቅዳሴ አስቀደሰች፤ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻቸውን ጸሎቶች ደገመች። በዘመኗ ሰዎች ለፈውስ ይፈጽሟቸው የነበሩትን ልዩ ልዩ እንግዳ ሥርዓቶች ግን ፈጽሞ እንደማትወድ፣ ብዙዎቹም ከንቱ እምነት ሆነው እንደተገኙ ጽፋለች። በእግሯ ቆማ መሄድ ስትችል ፈውሱን ለቅዱስ ዮሴፍ ምልጃ ሰጠች። ከዚያ ወዲያም ሐኪም አልናቀችም። ሁለቱን አንዱ ሌላውን እንደሚያስወጣ አድርገው የሚያስቡ፣ ለጸሎት ወይም ለጠበል ሲሉ የታዘዘላቸውን መድኃኒት የሚያቋርጡ ምእመናን ዛሬም አሉ፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፎ ሳለ።

ፍጹም ጤና ግን አላገኘችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ታስታውክ ስለነበረ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ምንም መቅመስ አትችልም ነበር። በዚህ ሰውነት ነው ነሐሴ 24 ቀን 1562 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሴፍን ገዳም በአቪላ የመሠረተችው፤ ከዚያም በስፔን መንገዶች በበቅሎና በሠረገላ እየተጓዘች ሌሎቹን የከፈተችው። የገዳማቱን ታሪክ ለሌላ ጊዜ እንተወውና በእነርሱ ውስጥ ለበሽተኞች ያወጣችውን ሥርዓት እንይ።

በመጀመሪያ፣ ቴሬዛ ለሥጋ የምትሳሳ አልነበረችም። የፍጹምነት መንገድ በተባለው መጽሐፏ፣ በቆመ ሰው ላይ ስለሚያልፉ ቀላል ሕመሞች ዘወትር የሚያማርሩትን ደናግል አጥብቃ ትገሥጻለች፤ ሰውነት በቀላሉ የሚሞላቀቅ ነውና አንድ ጊዜ ካባበሉት ፍላጎቱ አያልቅም ትላለች። ራሷም ስለ ጤናዋ መጨነቅን ከተወች በኋላ ይበልጥ እንደበረታች መስክራለች። ይህን ብቻ ነጥለው እየጠቀሱ በሽተኛውን ዝም እንዲል የሚያደርጉ መካሪዎች አሉ፤ በዚያው ስፍራ የጻፈችውን ሌላውን ቃል አላነበቡም ማለት ነው። እውነተኛ ሕመም ከሆነ ግን ተናገሩት፣ የሚያስፈልገውንም ውሰዱ ትላለች፤ እንዲያውም ሕመምን ደብቆ ዝም ማለት ሳይታመሙ እንክብካቤ ከመፈለግ የባሰ ጥፋት ነው ብላ ትፈርዳለች። ፍርዱ ትክክል ነው። አብረውን የሚኖሩት ሰዎች የማያውቁትን ሊረዱን አይችሉም፤ ፍቅራቸውንም የምንነፍጋቸው እኛው እንሆናለን።

ይህን ምክር በሕግ አጸናችው። በ1567 ዓ.ም. በጻፈችው የገዳማቷ ሕገ ደንብ ውስጥ ሕሙማን በፍቅርና በርኅራኄ እንዲታከሙ፣ ይህም በድህነታቸው መጠን እንዲሆን ታዝዛለች። ጤነኞቹ የሚያስፈልጋቸው ይጉደል እንጂ የሕሙማን አይጉደል ትላለች። ሌሎቹ ደናግል በገለባ ላይ ሲተኙ የታመመችዋ ፍራሽ ያለው አልጋና የበፍታ አንሶላ እንዲኖራት፣ በንጽሕና እንድትያዝ፣ እኅቶቿም እየመጡ እንዲያጽናኗት፣ ችሎታና ፍቅር ያላት አስታማሚ እንድትመደብላት ደነገገች። የታመመችዋም በበኩሏ ሀብታሞች የሚያገኙት ሁሉ ባይደረግላት ቅር አይበላት ትላለች። ድሆች ሆነው የሚታመሙ ሰዎች በዓለም ብዙ ናቸውና።

ሕመምን ቅድስና አድርጎ መቀበልንም አትወድም ነበር። በሌላ ማኅበር የነበረች አንዲት መነኩሲት በብዙ ጾምና ራስን በመግረፍ ሰውነቷን አድክማ፣ በቈረበች ቁጥር እየወደቀች ስምንት ሰዓት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትተኛ ነበር። ያያት ሁሉ ተመስጦ ነው አለ፤ ወሬውም ወጣ። የንስሐ አባቷ ቴሬዛን ሲያማክሯት፣ ተመስጦ ሳይሆን ድካም ነው፣ ጾሙን ያስተዋትና ሌላ ነገር ታስብ አለች። መነኩሲቲቱ ታዘዘች፤ ጉልበቷ ሲመለስ ተመስጦ የተባለው ነገር ሁሉ ቀረ። በዚያ ዘመን ሜላንኮሊያ ይባል ስለነበረው የአእምሮ ሕመምም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋለች። እነዚህን ሕሙማን አለቃይቱ በርኅራኄ ግን በጽናት እንድትይዝ፣ ረጅም ጸሎት እንዳታበዛባቸው፣ ጾማቸውን እንድታቀልና ሥራ እንድትሰጣቸው ትመክራለች። ጽናቱ ለዘመናችን አንባቢ ጠንከር ብሎ ሊሰማው ይችላል። ነገር ግን የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የርኩስ መንፈስ ሥራ ይባል በነበረበት ዘመን ለአለቆች ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራና ስለ መድኃኒት መጻፏ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1577 ዓ.ም. መጀመሪያ ከብዙ ደብዳቤ መጻፍ የተነሣ ራሷን ክፉኛ ታመመች። ሐኪሙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳትጽፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በራሷ እጅ ሳይሆን በሌላ እጅ እንድታጽፍ አዘዛት። ይህን ትእዛዝ ከሰዎች አልደበቀችም፤ በደብዳቤዎቿ እየገለጸች ለምን ባጭሩ እንደምትጽፍ ታስረዳበት ነበር። በዚያው ወራት ወንድሟ ሎሬንሶ፣ ያ ሻማ ይዞ እንቅልፍ የጣለው ልጅ፣ ከአሜሪካ ምድር ሀብታም ሆኖ ተመልሶ በእርሷ መሪነት መንፈሳዊ ሕይወት ጀምሮ ነበር። እንደ ጀማሪ ሁሉ ቸኩሎ በጾምና በማቅ ራሱን ሊያደክም ሲነሣ ማቁን በልክ እንዲለብስ፣ ከስድስት ሰዓት ያነሰ እንዳይተኛ ጻፈችለት። እኛ ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች ሥጋችን መንፈሳችንን እንዳይጥል ልንይዘው ይገባል የሚል ምክንያትም ጨመረችበት። ውስጣዊው ቤተ መንግሥት የተባለውን ታላቁን መጽሐፏን የጻፈችው በዚያው ዓመት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። በራሷ ውስጥ እንደ ብዙ ወንዞችና ወፎች የሚጮህ ድምፅ ትሰማ እንደነበር በመጽሐፉ ውስጥ ራሷ አስፍራዋለች።

በገና ዋዜማ ከደረጃ ወድቃ ግራ ክንዷ ተሰበረ። የታወቀችው ወጌሻ በሜዲና ስለነበረችና እርሷም ታማ ስለነበረ ወራት አለፉ፤ በመጣች ጊዜ ክንዱ ተጣምሞ ገጥሟል። ወጌሻይቱ በታላቅ ሥቃይ እንደገና አላቀቀችው፤ ሆኖም አልተስተካከለም። ከዚያ ወዲህ ቴሬዛ ራሷን ማልበስ፣ መሸፈኛዋንም ማድረግ ስላልቻለች አና ዘቅዱስ በርተሎሜዎስ የምትባል እኅት ረዳቷና አስታማሚዋ ሆነች። ለሌሎች የጻፈችውን ሕግ አሁን በራሷ ፈጸመችው፤ ሳታፍር ታገዘች።

በ1582 ዓ.ም. የመጨረሻ ገዳሟን ልትመሠርት ቡርጎስ በደረሰች ጊዜ ቤት እስኪገኝ ድረስ ከእኅቶቿ ጋር በአንድ ሆስፒታል ሰገነት ላይ ተጠለለች። በዚያ ሳለች ምግብ ሁሉ ያስጠላት ስለነበረ ብርቱካን እንዳማራት ተናገረች፤ አንድ ሰው ላከላት። ባየቻቸው ጊዜ በእጅጌዋ ሸጉጣ ታች ወደተኙት ድሆች ሕሙማን ወረደችና አንድም ሳታስቀር አደለች። እኅቶቿ ቅር ሲላቸው እነርሱ ደስ በማለታቸው እርሷም ደስ እንዳላት ነገረቻቸው።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወደ አቪላ ልትመለስ ስትጓዝ ወደ አልባ ዴ ቶርሜስ እንድትሄድ አለቃዋ አዘዛት። በጣም ታማ ነበር፤ በመንገድ ከጥቂት በለስ በቀር የሚበላ አልተገኘም። መስከረም 20 ቀን ማታ ደረሰች፤ በ29ኛው ቀን አልጋ ላይ ወደቀች፤ ደም ይፈሳት ነበር። ጥቅምት 3 ቀን ካህን እንዲመጣና ቅዱስ ቁርባን እንዲያቀብላት ራሷ ጠየቀች። በዚህ ጊዜ የከለከላት አልነበረም። ተናዘዘች፤ ቅዱስ ቁርባኑ ወደ ክፍሏ ሲገባ ብቻዋን መነሣት የማትችለዋ በሽተኛ በአልጋዋ ላይ ቀና አለች። በዚያው ማታ ቅብዓ ሕሙማንን በሙሉ አእምሮዋ፣ ለጸሎቱ እየመለሰች ተቀበለች። በማግሥቱ ሌሊት በአስታማሚዋ በአና ክንድ ላይ ሆና ዐረፈች።

ያን ሌሊት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ያዘዙት የዘመን አቈጣጠር ማስተካከያ በስፔን ሥራ ላይ ዋለ፤ ከጥቅምት 4 ቀጥሎ የመጣው ዕለት ጥቅምት 15 ተባለ። እኛ ያልተቀበልነው ይህ ማስተካከያ ነው የእርሷን በዓል በ15ኛው ቀን ያስቀረው። የተቀበረችውም በዚያው ቀን በአልባ ገዳም ነው።